ሱሉልታ የሄደው የኦቦ ጉርሜሳ ጥርስ

ጥርስ ሐኪም ቤት ወንበር ላይ የተኛ ሰው የሚያየው ጣሪያውን ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ጣሪያው ላይ ምን አለና! ሰውዬው የሚያየው እኛን ነው። አፉ ተከፍቶ፣ መናገር ተከልክሎ፣ የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ሲተኛ ከፊቱ ያሉት ሁለት ጥንድ ዓይኖች ብቻ ናቸው፤ የሐኪሙና የረዳቱ። ሐኪሙ ሥራ ላይ ስለሆነ ጥርስ እንጂ ሰው አያይም። ስለዚህ ሕመምተኛው የረዳቱን ዓይን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። ብዙ ነው? ትንሽ ነው? አለቀልኝ? የሚለውን ሁሉ የሚያነበው ከዚያ ነው።

ይህን ያስተማሩን ሲስተር ብርቅነሽ ናቸው። ለጥርስ ሐኪም ረዳትነት የምንሠለጥነውን ስድስት ልጆች በመጀመሪያው ቀን ማስክ አስደርገው አሰለፉንና እያንዳንዳችንን እያዩ አለፉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንተ ምን ሆነሃል?» አሉኝ።

«ምንም አልሆንኩም፣ ሲስተር።»

«ዓይንህ እንደዚያ አይልም። ገና አንድ ጥርስ ሳታይ ለቅሶ ቤት የገባህ ትመስላለህ። ማስኩ አፍህን ይሸፍንልሃል፤ ዓይንህን የምትይዘው ግን ራስህ ነህ።»

እውነታቸውን ነው። የእኔ ዓይን ከልጅነቴ ጀምሮ ምሥጢር አይችልም። እናቴ ስኳር ሲጎድልባት ጣሳውን አትመረምርም ነበር፤ እኔን ጠርታ «እስቲ እየኝ» ትላለች፣ በቃ፣ አለቀ። እንዲህ ያለ ዓይን ይዘህ ለምን እዚህ ሥራ ውስጥ ገባህ ትሉኝ ይሆናል። ማስታወቂያውን ያየሁት ታክሲ ውስጥ ነው፤ «በአጭር ጊዜ ሠልጥነው ሥራ ይያዙ» ይላል። እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ ከታክሲው መያዣ በቀር የያዝኩት ነገር አልነበረም።

ሥልጠናው በዙር ነው። የክሊኒኮቹ ባለቤት በሦስት ከተማ ሦስት ቤት ነበራቸው። ሰበታ ጥርስ ይነቀላል፤ ሱሉልታ የሕፃናት ጥርስ ይታከማል፣ የተንጋደደ ጥርስ በሽቦ ይታሰራል፤ ቡራዩ ደግሞ ጥርስ ላለቀበት ሰው ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። የተማርነው ሁሉ ሎግ ቡክ በሚሉት ደብተር ላይ ይጻፋል፤ በመጨረሻ ሲስተር ካልፈረሙበት የምስክር ወረቀት የሚባል ነገር የለም።

ሰበታ በመጀመሪያው ቀን መብራት እንድይዝ ታዘዝኩ። ሐኪሙ የአንድ የፋብሪካ ሠራተኛ መንጋጋ ሲነቅሉ፣ ያ ድምፅ ሲመጣ፣ መብራቱ ወደ ጣሪያው ሄደ፣ እኔ ወደ ወለሉ። ሕመምተኛው ጥጡን እንደነከሰ ከወንበሩ ወርዶ አነሣኝና ውሃ አጠጣኝ። ሲስተር ደብተሬ ላይ «ተገኝቷል፤ ግማሹን ጊዜ ግን ወለል ላይ» ብለው ጻፉ።

ሱሉልታ የባሰ ነበር። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ በጸጥታ አፏን ከፍታ ስትጠብቅ መርፌው በእኔ በኩል አለፈ። መርፌውን አላየችውም፤ እኔ ሳየው ነው ያየችኝ። ከወንበሩ ዘላ ደረቷ ላይ የታሰረላትን ወረቀት እንዳንጠለጠለች አስፋልት ወጣች። እኔ ከኋላ፣ እናቷ ከኋላዬ፣ ለገበያ ከሚነዱ በጎች መሀል ገብተን ስንፈልጋት የሱሉልታ ሰው ሥራ አቁሞ አየን። በሌላ ቀን «የተረፈውን ሽቦ ቁረጥ» ተባልኩ፤ ቆረጥኩ። የተቆረጠችው ሽቦ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ሐኪሟ ግን ሳምንቱን ሙሉ ፀጉሯን የምታበጥረው በጥንቃቄ ነበር። ከዚያ በኋላ ሲስተር «እጁ ይሻላል፤ ዓይኑ ገና ነው» ብለው ጽፈው ወደ ቡራዩ ላኩኝ። ቡራዩ ጥርስ ጨርሶ የለም፣ ስለዚህ ሕመም የለም፣ ስለዚህ የሚያስደነግጥ የለም ብዬ ደስ አለኝ።

አሁን ኦቦ ጉርሜሳን ላስተዋውቃችሁ። አከራያችን ናቸው። አዲስ አበባ የነበረው የቀበሌ ቤታችን ሲፈርስ እናቴና እኔ ሰበታ መጥተን ከግቢያቸው አንድ ክፍል ተከራየን። ከእርሻቸው የቀራቸው ያ ግቢ ነው፤ ጤፍ ይዘሩበት የነበረው ላይ አሁን የፋብሪካ አጥር ቆሟል። ይህን ነገር እሳቸው ሲያነሡት ሰምቼ አላውቅም። የሚያነሣው ኮሌጅ የሚማረው ልጃቸው ለሚ ነበር። እኛ ከከተማ ተገፍተን መጣን፣ ከተማው ደግሞ እኛን ተከትሎ እሳቸው ደጅ ደረሰ፤ ነገሩን ሳስበው አንዳንዴ ቤት ኪራይ ስከፍል ያሳፍረኝ ነበር።

የኦቦ ጉርሜሳ አፍ ውስጥ የቀሩት አራት ጥርሶች ነበሩ፤ አራቱም የተኳረፉ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ የዞሩ። እኔ ሠልጣኙ አዋቂ ነኝ ብዬ «ይነቀሉና ሙሉ ይሠራልዎት» አልኳቸው። «አንተ ካልክ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። አራቱም ሰበታ ተነቀሉ፤ መብራቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ በዚያን ቀን አልወደቅኩም። ድዳቸው እስኪድን ወራት በባዶ አፍ፣ በገንፎና በአጥሚት ከረሙ። ሲናገሩ ቃሉ ሳይያዝ ስለሚወጣባቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ማድረግ ለመዱ፤ ቀስ በቀስም መናገሩን ተዉት። በመጨረሻ ቡራዩ አዲሱ ጥርስ ተሠርቶላቸው መስተዋት ሲሰጣቸው ቆይተው ቆይተው «ይሄ ሰውዬ ማነው?» አሉና ሳቁ። ለሚ ማታውኑ «አባዬ፣ ሙሽራ መስለሃል» እያለ ግቢውን አዞራቸው።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች ልትጠቀልል ነው ተብሎ ተቃውሞው የተነሣበት። ጠዋት ክፍት የነበረ መንገድ ከሰዓት ድንጋይ ይደረደርበታል፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ሰው ሰላምታውን አሳጠረ። በዚህ መሀል ለሚ ተያዘ። ከኮሌጅ ሲመለስ ከመንገድ ላይ ከሌሎች ልጆች ጋር ነው የወሰዱት። እናቱ አዴ ጫልቱ በየቀኑ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ምግብ ይዛ ትሄዳለች፤ ምግቡን ይቀበሏታል፣ ልጁን አያሳዩአትም። ባዶውን ሰሃን ይዛ ስትመለስ ኦቦ ጉርሜሳ ሰሃኑን ተቀብለው ያዩታል፤ በልቶት ይሁን አይሁን ከሰሃኑ ለማወቅ ነው።

ሽማግሌዎች ገብተው ለመኑና ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጣቢያው ድረስ መጥተው ከኃላፊው ጋር እንዲነጋገሩ ተፈቀደላቸው። የሚናገሩት ኦቦ ጉርሜሳ እንዲሆኑ ተወሰነ። አባት እያለ ሌላው ቢናገር ውሃ አይቋጥርም ተባለ። አዲሱ ጥርስ ግን የታችኛው ድዳቸውን ይልጣቸው ነበር። ቅዳሜ ቡራዩ ወሰድኳቸው፤ ሐኪሙ አይተው ምልክት አደረጉበትና ጥርሱ ለመሞረድ እዚያው ቀረ።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እጃቸውን ከአፋቸው ላይ ሳያነሡ «ማክሰኞ ይዘህልኝ ና» አሉኝ። «ሐሙስ የምናገረው አለኝ። አፌን በእጄ ይዤ ልጄን አልለምንም።»

«እኔ አለሁ፣ ኦቦ» አልኳቸው። ይህን ስል ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ቡራዩ እንዲህ ለጥገና የገባ ጥርስ ክዳን ባለው ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ፣ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። የባለቤቱ ስም ፕላስተር ላይ ተጽፎ ኩባያው ላይ ይለጠፋል። ሲስተር ይህን ሦስት ጊዜ ተናግረዋል። እኔ ግን እርጥብ ኩባያ ላይ ፕላስተሩ እየተላጠ ስላስቸገረኝ አንድ ብልሃት አገኘሁ፤ ስሙን ደረቁ ክዳን ላይ ጻፍኩት። በብልሃቴ በጣም ኮርቼ ለሌሎቹ ሠልጣኞችም አስተማርኩ። ማክሰኞ «ኩባያዎቹን እጠብ» ተባልኩ። ክዳኖቹን አንሥቼ በአንድ በኩል ደረደርኩ፣ ውሃውን ለወጥኩ፣ ኩባያዎቹን አጠብኩ፣ ጥርሶቹን መለስኩ፣ ክዳኖቹን ከደንኩ። ክዳን ደግ ነው፤ ሁሉም ለሁሉም ይገጥማል። ጥርስ ግን እንደዚያ አይደለም።

ማክሰኞ ወደ ማታ ግድም ሰበታ ደርሼ ኩባያውን ሰጠኋቸው። ኦቦ ጉርሜሳ ሰው ፊት ጥርስ አይገጥሙም፤ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ጥቂት ታገሉ። ሲዞሩ ያ ሰፊ ፊታቸው ላይ የአንዲት ቀጭን ወይዘሮ ፈገግታ ተቀምጧል፤ ትንንሽ፣ ነጫጭ፣ እየዋለለ። አዴ ጫልቱ ሳታስበው ሳቀች። ወዲያው ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገችና ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠባት፤ በዚያ ሳምንት የእሷ ነገር ሁሉ መጨረሻው ልቅሶ ነበር።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አሉ አውጥተው።

«ተለዋውጦ ነው፣ ኦቦ፣ ነገ አገኘዋለሁ፣ አይጠፋም።»

ዓይኔን አዩት። «ዓይንህ ጠፍቷል ነው የሚለው» አሉና ኩባያውን ከድነው መለሱልኝ። አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ምን ነበረበት! አፋቸውን ባዶ ያስደረግኋቸው እኔ፣ ሙሉ ይሆናል ያልኳቸው እኔ፣ ያጠፋሁት እኔ። እናቴ ያን ማታ እራት አቅርባልኝ አልበላሁም።

ረቡዕ በጠዋት ቡራዩ ደረስኩ። ሲስተር ሁሉንም ሰሙኝ።

«ስሙን የጻፍከው የት ላይ ነው?»

«ክዳኑ ላይ።»

«ሰው የሚጎርሰው ክዳኑን ነው?»

መዝገቡን ገለበጡ። ማክሰኞ ከእኔ በቀር ሙሉ ጥርስ የወሰደ አንድ ሰው ነው፤ የሱሉልታዋ ነጋዴ የእትዬ አስናቀች ልጅ፣ ለእናቷ። «ሂድ» አሉኝ ሲስተር። «ሐሙስ ሦስት ሰዓት ያልከኝን ደግሞ አትርሳ።»

ከቡራዩ መውጫ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ነበር። ታክሲው ቆመ፣ ወረድን። ወጣቶች ቆመዋል፤ አንዱ ወደ እኔ መጣ።

«ኤሳ ዴምታ?» አለኝ፤ የት ትሄዳለህ ነው።

ሰበታ ስኖር የለቃቀምኩትን ኦሮምኛ ባንድ ጊዜ ፈለግሁት፤ የመጣልኝ ሁለት ቃል ነው። «ኢልካን... ኢልካን ኦቦ ጉርሜሳ» አልኩ። የኦቦ ጉርሜሳ ጥርስ።

ልጁ ኩባያውን ተቀብሎ ከፈተና አየ። «ይሄ የኦቦ ጉርሜሳ ጥርስ ነው?» አለኝ በአማርኛ።

«አይ፣ ይሄ የእትዬ አስናቀች ነው። የኦቦ ጉርሜሳ እትዬ አስናቀች አፍ ውስጥ ነው ያለው።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ለጓደኞቹ በኦሮምኛ ነገራቸው፣ ሳቁ። ስንት ቀን ሳይስቁ የቆዩ እንደሆነ ፊታቸው ይናገር ነበር። አንዱ ግን አልሳቀም። «ኦቦ ጉርሜሳ የለሚ አባት ናቸው?» አለ። አዎ አልኩት። ኩባያውን ከጓደኛው እጅ ተቀበለ። ክዳኑን ራሱ አጥብቆ ከደነና በድንጋዩ መሀል ይዞኝ አሻገረኝ።

በአዲስ አበባ ዞሬ ሱሉልታ ስደርስ ከሰዓት ሆኗል። የእትዬ አስናቀች የበርበሬና የእህል ሱቅ በሩ ግማሽ ተዘግቷል። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ሴትዮዋ ከሚዛናቸው ኋላ ተቀምጠው ጥርሳቸውን ሁሉ አውጥተው ሳቁልኝ። እኔም አጸፋውን ሳቅሁ። ቆይቼ ነው ሳቅ አለመሆኑን ያወቅኩት፤ የኦቦ ጉርሜሳ ጥርስ አላዘጋ ብሏቸው ነው።

«ከትናንት ጀምሬ እንዲህ ነኝ» አሉኝ እየተንተባተቡ። «ልጄ ሲለመድ ይስተካከላል ብላኝ ሄደች። አገር ታምሶ ይቺ ሴትዮ ምን ያስቃታል እያለ ሰው ያየኛል። ጎረቤቴ ቤት ለቅሶ ደርሼ እንኳ ስስቅ ዋልኩ።»

ነገሩን ስነግራቸው ጥርሱን አውጥተው እጃቸው ላይ ያዙትና መጀመሪያ የጠየቁኝ ሌላ ነው። ጊዜው የነቢያት ጾም ነበር።

«የማን ነው? ጾመኛ ነው? ሥጋ የነካ ጥርስ ነው አፌ ውስጥ ያስገባችሁት?»

«ኧረ አዲስ ነው፣ እትዬ፤ አጥሚት ብቻ ነው የነካው።»

«ቅቤ ያለው?»

«የለውም» አልኩ። ዓይኔ ግን መልሶላቸዋል። አማተቡ።

ጥርሳቸውን መልሼላቸው ገጠሙትና አፋቸው ሲዘጋ እፎይ አሉ። ወደ በሩ ስዞር ነው የኦቦ ጉርሜሳን ነገር የነገርኳቸው፤ ለሚን፣ ሐሙስን፣ አዴ ጫልቱና ሰሃኗን። እትዬ አስናቀች ቴርሞሳቸውን ከፍተው ለብ ያለ ውሃ ቀዱ፣ ያን ጥርስ በእጃቸው ደጋግመው አጠቡት፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቀለሉት።

«ሦስት ቀን ሱቄን ግማሽ ዘግቼ የተቀመጥኩት ድንጋይ የሚደረድሩትን ልጆች ፈርቼ ነው» አሉ። «እናታቸው እንዲህ ስትመላለስ እንደምትውል አንድ ቀን አላሰብኩም። ለአባትየው ንገራቸው፤ ቃላቸውን ይዤባቸው የቆየሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

የሚመለስ መኪና ጠፋ። የስልክ መስመር ሳገኝ ለአዴ ጫልቱ ደወልኩ። «አግኝቼዋለሁ፤ ጠዋት እደርሳለሁ፤ ትንሽ ብዘገይ ጠብቁኝ» አልኳት። እትዬ አስናቀች ከእህሉ ከረጢት ጎን ፍራሽ አንጥፈውልኝ አደርኩ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በእግሬ ተነሣሁ። ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ብሎ ተኝቷል። ጋራውን ወጥቼ ወደ ከተማው ስወርድ ፍተሻ ላይ ቆምኩ። አንዱ ወታደር ቦርሳዬን ከፍቶ ጨርቁን ፈታና ወደ ኋላው አንድ እርምጃ ሄደ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኦቦ ጉርሜሳ።»

«ሰውዬውስ የት አለ?»

በእንዲህ ያለ ቀን፣ በእንዲህ ያለ ቦታ፣ ባለቤት የሌለው ሙሉ ጥርስ ይዞ መገኘት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሎግ ቡኬን አውጥቼ አሳየሁት፣ ነጩን ጋውን አሳየሁት፣ ያልተጠየቅሁትን ሁሉ ለፈለፍኩ። ወታደሩ ደብተሩን አገላበጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄ የውስጡ ጥርሴ እኮ አላስተኛ አለኝ፤ እስቲ እየው» ብሎ አፉን ከፈተ። አየሁት። ባላየሁት!

«ምነው? ልሞት ነው እንዴ?» አለኝ።

«ኧረ አትሞትም! ዓይኔ ነው፣ እንዲሁ ነው ልማዱ። ቶሎ ሐኪም ጋ ሂድ ብቻ።»

የኦቦ ጉርሜሳን ጥርስ በጨርቁ ጠቅልሎ መለሰልኝና ስሄድ ጉንጩን ይዞ ቆሞ ነበር። ልጅ እግር ነው፤ ከለሚ ብዙ አይበልጥም።

አዲስ አበባ ምንም እንዳልተፈጠረ ማኪያቶዋን ታማስላለች። ታክሲ ውስጥ ሰው ስለ ኳስ ይከራከራል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ገና መሀል ከተማ ነበርኩ፤ አራት ሰዓት ሲሆን አየር ጤና። ወደ ሰበታ የሚሄድ ታክሲ የለም። ጥቂት ሮጥኩ፣ ጥቂት ሄድኩ፣ ከዓለም ገና በኋላ የፈረስ ጋሪ አገኘሁ። ባለጋሪውን «ቶሎ» ባልኩት ቁጥር «ለፈረሱ ንገረው» ይለኛል። ጣቢያው በር ላይ ስደርስ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። አለቀ፣ ተናግረው ተመልሰዋል፣ ወይም ሳይናገሩ ተመልሰዋል ብዬ እየተርበተበትኩ ገባሁ።

አልተመለሱም። ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ቆመዋል፤ ኃላፊው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ፊት ለፊታቸው ቆመዋል። የሁሉም ታላቅ ኦቦ ዲንቃ በዱላቸው ተደግፈው ይመርቃሉ። የተጀመረው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የኦቦ ጉርሜሳ ጥርስ መንገድ ላይ ነው ስለተባለ ኦቦ ዲንቃ «እንግዲያው በምርቃት እንጀምር» ብለው ጀመሩ፤ ምርቃት የሚያቋርጥ ሰው ደግሞ በአገራችን አልተፈጠረም። ኃላፊው ተመርቀዋል፣ ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ እናታቸው ተመርቀዋል፤ የሌሏቸው ከብቶች እንዲረቡ ተመርቀዋል። ዝናቡ፣ ወንዙ፣ የቢሮው ወንበር፣ ስልኩ ተመርቋል። እኔ ስደርስ ኦቦ ዲንቃ ድምፃቸው ሰልሎ የጣቢያው ፒክአፕ ላይ ደርሰዋል።

«ጎማው አይተንፍስ!»

«ሃ ታኡ!» ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ ይሁን ማለት ነው።

«መንገዱ ጨርቅ ይሁንለት!»

«ሃ ታኡ!» አሉ ኃላፊውም ጭምር፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ለምደውታል።

ኦቦ ጉርሜሳ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በዳር ቆመዋል። ጨርቁን ሰጠኋቸው። ወደ አጥሩ ዞሩ። ሲመለሱ እጃቸው ወርዷል። ኦቦ ዲንቃ አዩአቸውና ምርቃቱን እዚያው ላይ ዘጉ።

በመንገድ ሁሉ ስንት ነገር ይናገራሉ ብዬ ሳስብ ነበር። ኦቦ ጉርሜሳ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡና በጠራ አማርኛ እንዲህ አሉ፦ «ጌታዬ፣ መሬቴ ሲሄድ እዚህ አልመጣሁም። ዛሬ ያመጣኝ ልጄ ነው። የቀረኝ እሱ ነው፤ ስጡኝ።»

ይኸው ነው። ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ኃላፊው ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ «እናያለን፣ አባቴ» አሉ።

ለሚ ቅዳሜ ተፈታ። አዴ ጫልቱ እልል ብላ ሳትጨርስ አቆመች። ልጁ ሻርፕ አፉ ላይ ጠምጥሞ ነበር የገባው። ሰው ሁሉ ሲስመው ይስማል እንጂ አይናገርም። ኦቦ ጉርሜሳ ሻርፑን ገለጥ አድርገው አዩና መለሱለት።

«ወድቄ ነው፣ አባዬ» አለ።

ማንም ከየት ወደቅህ ብሎ አልጠየቀውም።

ሰኞ መንገዱ ተከፈተና፣ የሰበታው ክሊኒክ ገና ዝግ ስለነበር ሦስታችን ቡራዩ ሄድን። ለሚ ወንበሩ ላይ ተኛ። ኦቦ ጉርሜሳ ጥግ ላይ በርጩማ ተሰጣቸው። እኔ መብራቱን በአንድ እጄ፣ የምራቅ መሳቢያውን በሌላው እጄ ይዤ ቆምኩ፤ ሲስተር ከኋላዬ ናቸው። ሐኪሙ ከንፈሩን በቀስታ ገለጡት።

አፉ ውስጥ ያየሁትን አልነግራችሁም። የሚነቀል እንዳለ፣ የሚድን እንደሌለ ሐኪሙ ሳይናገሩ አወቅሁ። ሰበታ ወለል ላይ የጣለኝ ነገር ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነበር። በዚህ ጊዜ ነው ለሚን ያየሁት፤ ዓይኔን ይዞታል። ቀና ስል ደግሞ ኦቦ ጉርሜሳ። የልጃቸውን አፍ አያዩም። እኔን ነው የሚያዩት። ሰሃኑን ያዩት በነበረው አስተያየት ያዩኛል።

የኦቦ ዲንቃን ፒክአፕ አሰብኩ። ጎማው አይተንፍስ፣ ሃ ታኡ። ኃላፊው እጃቸውን ዘርግተው እንደቆሙ አሰብኩ። የእትዬ አስናቀችን ሳቅ፣ ባለጋሪውንና ፈረሱን አሰብኩ። ከማስኩ በላይ ዓይኔ ቀስ ብሎ ሲሰበሰብ፣ ፈገግ ሲል ተሰማኝ። ለሚ ጨብጦት የነበረውን የወንበር ክንድ ለቀቀ።

«ትንሽ ነው፣ ኢልማ ኮ?» አሉኝ ኦቦ ጉርሜሳ ከጥጉ።

«ትንሽ ነው፣ ኦቦ» አልኳቸው፤ ዓይን ለዓይን እየተያየን።

ለቀናት የያዙትን ትንፋሽ የለቀቁ መሰለኝ። ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሥራው ሲያልቅ ጓሮ ወጥቼ ከውሃ በርሜሉ ጎን ተቀመጥኩ፣ ማስኩን አወለቅሁ፣ አለቀስኩ። ስመለስ ሎግ ቡኬ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። ሲስተር ምንም አልጻፉም፤ ፈርመዋል ብቻ።

እናቴ እስከ ዛሬ ስኳር ሲጎድል «እስቲ እየኝ» ትለኛለች፤ እስከ ዛሬም ትይዘኛለች። በሕይወቴ ሰው ያመነኝ አንድ ውሸት ብቻ ነው፤ እሱም ያ «ትንሽ ነው» ያልኩት ነው።